ስለ «ሞሮዊንድ» ጨዋታና ስለ ተጫዋቾቹ የአሳብ ልዩነት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር «ሞሮዊንድ» በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ተጫዋቾች ያላቸው የአሳብ ልዩነት ነው። ጨዋታው በ2002 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቤቴስዳ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ የወጣ ሲሆን፥ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከሚባሉት ተከታታይ ጨዋታዎች ሦስተኛው ነው። ከወጣ ከሃያ ዓመት የበለጠው ቢሆንም ስለ እርሱ የሚደረገው ክርክር አልበረደም። አንዳንዶች ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ የሚተካከለው አልተሠራም ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ አንድ ምሽት ሞክረው እንደ ተዉትና ሁለተኛ እንዳልተመለሱበት ይናገራሉ። እኛን ወደዚህ ጥናት የሳበን አመስጋኙና ነቃፊው የሚጠቅሱት ማስረጃ አንድ ዓይነት ሆኖ ማግኘታችን ነው። ያው ነገር ለአንዱ የጨዋታው ጌጥ፥ ለሌላው ጉድለቱ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት እንግለጽ። ታሪኩ የሚፈጸመው ቫርደንፌል በምትባል፥ በመካከልዋ እሳተ ገሞራ ባለባት የምናብ ደሴት ነው። ተጫዋቹ እስረኛ ሆኖ በመርከብ ይመጣና ሰይዳ ኒን በምትባል ትንሽ የወደብ መንደር በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ይፈታል። ስሙን፥ ዘሩንና ሙያውን ካስመዘገበ በኋላ የታሸገ ወረቀት ይሰጠውና ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር ካየስ ኮሳዴስ ለተባለ ሰው እንዲያደርስ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፍቶ ይለቀቃል። መልእክቱን ቢያደርስ ያደርሳል፤ ባያደርስ የሚቆጣው የለም። አድርሶም እንደ ሆነ አዲሱ አለቃው ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ፥ መጀመሪያ ሥራ ፈልጎ ልምድ አግኝቶ እንዲመለስ ይመክረዋል። እንዲህ ያለውን፥ ተጫዋቹ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ የሚሄድበትን ጨዋታ «ክፍት ዓለም» ይሉታል።

የመጀመሪያው ቅሬታ የሰይፉ ነገር ነው። ጀማሪው ተጫዋች በመዝገብ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያገኘውን ጩቤ ይዞ ይወጣና በመንገድ ዳር አንድ አይጥ ያጠቃዋል። ይወጋዋል፤ ጩቤውም የአይጡን ገላ ሲነካ በዓይኑ ያያል፤ ጨዋታው ግን እንደ ሳተ ይቆጥርበታል። ደግሞ ይወጋል፤ ደግሞ ይስታል። ብዙዎች ጨዋታውን የሚተዉት እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ግን ስሌት አለው። ተጫዋቹ በያዘው መሣሪያ ያለው ችሎታ በቁጥር ይያዛል፤ በዚያ ላይ የቅልጥፍናው አንድ አምስተኛና የዕድሉ አንድ ዐሥረኛ ይደመራል። ድምሩ ደግሞ ባለው ብርታት ይባዛል፤ ብርታቱ ሙሉ እንደ ሆነ በ1.25፥ ፈጽሞ የደከመ እንደ ሆነ በ0.75 ማለት ነው። ምሳሌ እንስጥ። ቅልጥፍናውና ዕድሉ 40፥ 40 የሆነ፥ በሙያው የመረጠውን መሣሪያ የያዘና ችሎታው 30 የሆነ ሰው 30 እና 8 እና 4 ተደምሮ 42 ያገኛል። ዐርፎ ከሆነ ይህ 52.5 ከመቶ ይሆናል፤ ሲሮጥ መጥቶ ትንፋሹ ያለቀበት ከሆነ ግን ወደ 31.5 ይወርዳል። ጩቤን ሳይመርጥ ጩቤ ያነሣውና ችሎታው 5 ብቻ የሆነውስ? ዐርፎም 21 ከመቶ ያህል ብቻ፥ ደክሞ ደግሞ ከ13 ያነሰ ነው። ከዚህም ላይ የተቃዋሚው የማምለጥ ኃይል ይቀነሳል። እንግዲህ ያ ጀማሪ የሳተው ያልተማረውን መሣሪያ ይዞ፥ ርቀቱንም ሁሉ ሮጦ በመምጣቱ ነው። ይህን ግን ማንም አልነገረውም።

እንዲህ ያለው ስሌት የተወረሰው በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት የቀድሞ ጨዋታዎች ነው። በዚያ ዳይሱ «ስቷል» ቢል የሚከራከር የለም፤ ጠላቱ ዘወር ማለቱን ሁሉም በአሳቡ ይሥለዋልና። በኮምፒዩተር መስታወት ላይ ግን ሥዕሉ አንድ ነገር፥ ቁጥሩ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ስለዚህ በዚህ ረገድ ነቃፊዎቹ እውነት አላቸው እንላለን። ስሌቱ ራሱ የሚነቀፍ አይመስለንም፤ የጎደለው ሥዕሉ ነው፤ አይጡ ሲያመልጥ የሚያሳይ አንድ እንቅስቃሴ ቢጨመር ኖሮ የክርክሩ እኩሌታ ባልተነሣም ነበር።

ሁለተኛው የመንገድ ነገር ነው፤ ክርክሩም ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው በዚህ ላይ ነው። በሞሮዊንድ ወዴት መሄድ እንዳለበት ለተጫዋቹ የሚያሳይ ጠቋሚ ቀስት የለም። ሥራ የሚሰጠው ሰው መንገዱን በቃል ይነግረዋል፤ ተጫዋቹም ድልድዩን፥ ወንዙንና ኮረብታውን እየቆጠረ ይሄዳል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቤት ቁጥር ሳይሆን «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ፥ ከትልቁ ዛፍ አጠገብ» እየተባለ ያደገ ነውና።

እኛም ለዚህ ጥናት ስንል ሦስት ሆነን በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጀመርነው (ጨዋታው 500 ሜጋኸርዝ ባለው ማሽን እንዲሠራ የተዘጋጀ ስለ ሆነ ያረጀ ዕቃ አይንቅም)። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ አርክንግታንድ ከሚባለው የጥንት ፍርስራሽ አንዲት ትንሽ ሳጥን ማምጣት ነው። ከባልሞራ ወጥተን የኦዳይን ወንዝ ተሻገርን፤ የሙንሞዝን ምሽግ አልፈን የቀለጠ ድንጋይ በፈሰሰበት ሸለቆ ላይ የተሠራውን አሮጌ ድልድይ አገኘን። እስከዚህ ደኅና ነበር። በሩ ግን በእጅ አይከፈትም፤ በአጠገቡ ካለው ቧንቧ ላይ ያለውን እጀታ ማዞር ያስፈልጋል። እርሱን ለማግኘት አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብን። ውስጥ ገብተን ደግሞ፥ ሳጥኒቱ ከጭብጥ የማትበልጥ ሆና በመደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ሳለ፥ በአጠገቧ ደጋግመን አለፍን። በመጨረሻ ያያት ከሦስታችን ጨዋታውን አጥብቆ የሚጠላው ጓደኛችን ነበር፤ አግኝቷትም ጥላቻው አልቀነሰም። ሁለታችን ግን ያንን ሸለቆ ዛሬም ያለ ካርታ መሣል እንችላለን።

በ2006 ዓ.ም. ይኸው ኩባንያ «ኦብሊቪየን» የተባለውን ተከታይ ሲያወጣ ሥራው ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ቀስት ጨመረበት፤ ቀድሞ የታወቀ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ብቅ ማለትንም ፈቀደ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው «ስካይሪም»ም ይህንኑ ተከተለ። በርካታ ተጫዋቾች ይህን እንደ ትልቅ እፎይታ ተቀበሉት፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ከሥራ መልስ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ያንን ሰዓት በገደል ውስጥ ሲዞር ቢያሳልፈው ደስ አይለውም። በተጨማሪም በሞሮዊንድ የሚሰጠው የመንገድ ምልክት አንዳንድ ጊዜ የተድበሰበሰ፥ አልፎ አልፎም የተሳሳተ ነው። የማስታወሻ መጽሐፉም መጀመሪያ ሲወጣ ሥራውን ሁሉ በቀን ተራ ብቻ እየጻፈ ያደባልቀው ስለ ነበረ፥ የቆየ ሥራ ለማግኘት ብዙ ገጽ መገልበጥ ነበረበት፤ ይህ የተሻሻለው በዚያው ዓመት በኅዳር በወጣው «ትሪቡናል» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ነው።

ይሁን እንጂ የቀስቱ መጨመር በተጫዋቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በሠሪው ላይም ለውጥ ማድረጉን ልብ ልንል ይገባል። ቀስት ካለ ሥራ ሰጪው መንገዱን መንገር አያስፈልገውም፤ ካላስፈለገውም አይነግርም። ስለዚህ በኋለኞቹ ጨዋታዎች አንድ ሰው ቀስቱን አጥፍቶ እንደ ጥንቱ ልጫወት ቢል፥ ቦታውን ለማግኘት የሚበቃ ቃል ብዙ ጊዜ አያገኝም። «የማይፈልግ ሰው አይጠቀምበት» የሚለው መልስ በዚህ ምክንያት የተሟላ መልስ አይመስለንም።

ስለ ሰዎቹ በአጭሩ እንናገር። የሞሮዊንድ ነዋሪዎች ቀንም ሌትም በአንድ ስፍራ ቆመው ይውላሉ፤ ሱቁም አይዘጋም። ስለ አንድ ጉዳይ ዐሥር ሰው ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ዐሥሩም ቃል በቃል አንድ መልስ ይሰጣሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው «ጎቲክ» የተባለው የጀርመን ጨዋታ ሰዎቹን እየሠሩና እየተኙ ስላሳየ፥ በዘመኑ አይቻልም ነበር የሚለው ማመካኛ አያስኬድም። በዚህ አመስጋኞቹም ብዙ አይከራከሩም።

ለተማሪ ግን ከሁሉ የሚጥመው ሌላ ነው። በጨዋታው ውስጥ ብዙ የሚነበቡ መጻሕፍት አሉ፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ኔሬቫር የሚባለው የጥንት ጀግና እንዴት ሞተ? የቤተ መቅደሱ ትምህርት አንድ ይላል፤ በአመድ ምድር የሚኖሩት ዘላኖች ዛሬ እንደ አምላክ የሚሰገድላቸው ሦስቱ ገድለውታል ይላሉ፤ ከሦስቱ አንዱ የሆነው ቪቬክ ደግሞ የራሱ ቃል አለው። ጨዋታው እስከ መጨረሻ ፍርድ አይሰጥም። አንዳንድ ተጫዋቾች ይህን ያልተጠናቀቀ ታሪክ ብለው ይነቅፉታል፤ እኛ ግን የምንጮችን ተቃርኖ በማመዛዘን ለሚደክም ሰው የታወቀ ሥራ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደዚሁም ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ቢገደል ጨዋታው አይከለክልም፤ የትንቢቱ ክር እንደ ተበጠሰ አስታውቆ፥ ወደ ኋላ መመለስ ወይም በተበላሸው ዓለም መቀጠል እንደሚቻል ይናገራል። በኋለኞቹ ጨዋታዎች እንዲህ ያሉት ሰዎች ይወድቃሉ እንጂ አይሞቱም።

ውዳሴው የልጅነት ትዝታ ነው የሚሉ አሉ። ከፊሉ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጨዋታው ሲወጣ ያልተወለዱ ተጫዋቾች ዛሬ ሲወዱት እናያለን፤ እኛ ራሳችን ትዝታ የለንም። ደግሞም «ታምሪኤል ሪቢልት» የሚባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የደሴቲቱን ጎረቤት ምድር ያለ ክፍያ ሲሠራ ቆይቷል፤ ትዝታ ብቻ ይህን ያህል ያሠራል ብለን አናምንም።

ይህ ሊሆን የቻለው ሠሪዎቹ ዓለሙን የሠሩበትን መሣሪያ ከጨዋታው ጋር አብረው ስለ ሰጡ ነው። በዚሁም ምክንያት ዛሬ ሰይፉ ዘወትር እንዳይስት የሚያደርግ ማሻሻያ ይገኛል፤ ቀስት የሚጨምርም እንዲሁ። ከዚህ አዲስ ጥያቄ ተነሣ፤ እንዲህ አሻሽሎ የተጫወተ ሰው ሞሮዊንድን ተጫውቷል ይባላልን? ሁለታችን ሰይፉን ቢያስተካክል ተጫውቷል፥ ቀስቱን ከጨመረ ግን ሌላ ጨዋታ ነው የተጫወተው እንላለን። ሦስተኛው ጓደኛችን ሁለቱንም ጨምሮ እንደ ገና ጀምሯል፤ እስካሁን ከእኛ ርቆ ሄዷል።