የሃይድሮሊክ ሊፍት ሲወርድ የሚይዘው ማን ነው?

ስለ ሊፍት ሲነሣ አብዛኞቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ገመድ፣ ፑሊና ከላይ የሚያጓራ ሞተር ነው። ይሁን እንጂ ፎቃቸው ጥቂት በሆነ ሕንፃዎች ውስጥ ካቢኑን ከሥር በዘይት ግፊት የሚያነሣ የሃይድሮሊክ ሊፍትም ይገጠማል። የዚህ ሊፍት ሽቅብ ጉዞ ብዙ አያነጋግርም። ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይቱን ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ፒስተኑ ይወጣል፤ በቃ። እኔን የሳበኝ ቁልቁለቱ ነው፤ ምክንያቱም ሊፍቱ ሲወርድ ፓምፑ ጭራሽ አይሠራም።

ታዲያ ምን ያወርደዋል? የገዛ ክብደቱ ነው። ካቢኑ በፒስተኑ በኩል ዘይቱን ይጫነዋል፣ ዘይቱም መውጫ ካገኘ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። እንግዲህ ቫልቩ «ያወርዳል» ከማለት ይልቅ መውደቅን በልክ ይፈቅዳል ብንል ይሻላል።

ዋናው ቫልቭ በብዙዎቹ አሠራር በሞላና ከሲሊንደሩ በሚመጣው ግፊት ተጭኖ ዝግ ሆኖ ይቆያል። ከጀርባው ጠባብ ክፍል አለች፤ የእሷን መውጫ የምትጠብቀው ደግሞ አንዲት ትንሽ ሶሌኖይድ ቫልቭ ናት። ኮይሏ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ትከፈትና በክፍሏ የታፈነው ዘይት በቀጭን ቀዳዳ ይፈሳል። ከጀርባው ግፊት የቀነሰለት ዋናው ቫልቭም በሲሊንደሩ ግፊት ተገፍቶ ቀስ እያለ ይከፈታል። ልብ በሉ፤ ከባዱን ሥራ የሚሠራው ራሱ የካቢኑ ክብደት የፈጠረው ግፊት ነው። ኤሌክትሪኩ ፈቃድ ከመስጠት ያለፈ ድርሻ የለውም።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከጭነቱ ነው። እስቲ በቁጥር እንየው። የፒስተኑ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር፣ ባዶ ካቢኑ ከነፒስተኑ 800 ኪሎ፣ የተፈቀደው ጭነት 630 ኪሎ ይሁን። የፒስተኑ ስፋት 78.5 ሴንቲ ሜትር ካሬ ስለሚሆን ግፊቱ ባዶውን 10 ባር፣ ሲሞላ ወደ 18 ባር ይጠጋል። በሰከንድ 0.6 ሜትር ለመውረድ በደቂቃ 283 ሊትር ያህል ዘይት መውጣት አለበት። አሁን ቀዳዳውን ለባዶው ካቢን በዚህ ፍጥነት ለክተን እንዳለ ብንተወውስ? በፍሉይድ ሜካኒክስ እንደተማርነው በቀዳዳ የሚያልፍ ፍሰት የግፊት ልዩነቱን ስኩዌር ሩት ተከትሎ ይጨምራል። ስለዚህ ሰው የሞላው ሊፍት በሰከንድ 0.8 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው። አንድ ሦስተኛ ፍጥነት እንዲሁ ተጨመረ!

ለዚህ ነው ጥሩ ቫልቭ የግፊት ማካካሻ የሚኖረው። ፍሰቱን ከሚለካው ቀዳዳ ጋር በተርታ ሞላ የያዘው ስፑል ይገጠማል። ጭነት በዝቶ ፍሰቱ ሲጨምር በቀዳዳው ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ያድጋል፤ ልዩነቱ ስፑሉን በሞላው ላይ ይገፋውና መንገዱን ያጠብበታል። ጭነቱ ሲቀንስ ሞላው መልሶ ይከፍተዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰውም ገባ ስምንት፣ ፍጥነቱ ተቀራራቢ ይሆናል። አንዳንድ አዳዲስ ቫልቮች ይህንኑ በፍሰት ሴንሰርና በኤሌክትሮኒክስ ያደርጉታል። ለእኔ ግን የሞላዋ ዘዴ አሁንም ታስገርመኛለች፤ ያለ አንዳች ሽቦ ፊድባክ ኮንትሮል ናት።

ወለሉ ሲቃረብ በጉድጓዱ ውስጥ ያለ ስዊች ምልክት ይሰጥና የፈጣኑ ጉዞ ሶሌኖይድ ይጠፋል። ዋናው ቫልቭ ጥቂት ክፍተት እስኪቀረው ይዘጋል፣ ካቢኑም እየተንፏቀቀ ይደርሳል። ከዚያ ሁለተኛው ሶሌኖይድ ሲጠፋ ይቆማል። እዚህ ላይ የዘይቱ ሙቀት ጣልቃ ይገባል። የወረደው ካቢን የነበረው ፖቴንሺያል ኢነርጂ ቫልቩ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በምሳሌያችን ሙሉ ጭነት ይዞ በወረደ ቁጥር በቫልቩ ያለፈው ዘይት ወደ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። አንድ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ግን ይጠራቀማል። የሞቀ ዘይት ይቀጥናል፣ በቀጫጭኖቹ ቀዳዳዎች የሚያልፍበት ፍጥነትም ይለወጣል። ጠዋት ልክ ወለሉ ላይ የሚቆም ሊፍት ከሰዓት በኋላ ቀድሞ ቀንሶ ረጅም መንገድ ቢንፏቀቅ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ካቢኑ ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ ሰው ያደናቅፋል፤ ለአረጋውያንና ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ሰው ሊፍቱ የሚወድቅ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ኮይሎቹ ኤሌክትሪክ ሲያጡ ሞላዎቻቸው ይዘጓቸዋል፣ ዋናው ቫልቭም አብሮ ይዘጋል፣ ካቢኑ ባለበት ይቆማል። የታሰረውን ሰው ለማውጣት የመውረጃውን ቫልቭ በባትሪ መክፈት ወይም በማሽን ክፍሉ ያለውን የእጅ ማውረጃ መጠቀም ይቻላል። የእጅ ማውረጃው ተጭነው እንደያዙት ብቻ ይሠራል፤ ሲለቁት ይዘጋል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን ዘይቱ በቫልቩ በኩል ሲመለስ ነው። ቱቦው ቢፈነዳ ዘይቱ ከቫልቩ በፊት ይወጣል፤ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ቫልቩ ምንም አያደርግም። ለዚህ ሲባል ሲሊንደሩ ላይ የስብራት ቫልቭ የሚባል ሌላ ይጨመራል። ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ በራሱ ይዘጋል። የአውሮፓ ስታንዳርድ ይህ ቫልቭ ሊፍቱ ከተመደበለት የመውረጃ ፍጥነት በሰከንድ 0.3 ሜትር ከመብለጡ በፊት እንዲሠራ ያዝዛል። ቦታው ሲሊንደሩ ላይ ራሱ፣ ወይም ቢርቅ በአጭር ጠንካራ ብረት ቧንቧ የተያያዘ መሆን አለበት። በእሱና በሲሊንደሩ መካከል ተጣጣፊ የጎማ ቱቦ ካያችሁ፣ ያ ቱቦ የፈነዳ ቀን የሚይዘው የለም።