ማስታወቂያው አርሲ ነገሌ ሲደርስ

«ብዛት፦ አንድ። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት። ደመወዝ፦ በድርጅቱ ስኬል መሠረት። የሥራ ቦታ፦ አዲስ አበባ። መስፈርቱን የምታሟሉ አመልካቾች ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ በአካል በመቅረብ እንድትመዘገቡ እናስታውቃለን።»

ይህን የመሰለውን ጽሑፍ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ግማሾቻችን ሥራ ስንፈልግ ከሰሌዳ ላይ ገልብጠነዋል፤ ግማሾቻችን ደግሞ ሥራ ከያዝን በኋላ ራሳችን ጽፈን፣ የሹማችንን ፊርማና ማኅተም ተቀብለን ለጥፈነዋል። ቃሉ እንደ ዳዊት ተደጋግሞ በቃል የተያዘ ስለ ሆነ፣ ምን እንደሚል ቆም ብሎ የሚመረምረው ሰው የለም። እስቲ እኛ ዛሬ እንመርምረው፤ ይኸውም አዲስ አበባ ላይ ሆነን ሳይሆን አርሲ ነገሌ ላይ ቆመን ነው።

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ፣ የላንጋኖን፣ የአብጃታንና የሻላን ሐይቆች አልፎ የሚገኝ ከተማ ነው፤ ሻሸመኔ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ስንዴው፣ በቆሎውና ድንቹ የታወቀ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን አረቄው ስሙን አስጠርቶታል፤ በየጓዳው አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን ያስተማሩ እናቶች ብዙ ናቸው። እንግዲህ ከነዚህ እናቶች የአንዲቱ ልጅ በዩኒቨርሲቲ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ቤት ተቀምጣለች እንበል።

ማስታወቂያው እርስዋ ዘንድ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቀድሞ ጋዜጣው በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ ድረስ ከሰባቱ ቀን ሁለቱና ሦስቱ ያልቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በቴሌግራም አማካይነት አዲስ አበባ የተለጠፈው ወረቀት በደቂቃ ውስጥ ነገሌ ይነበባል። ወሬው ፈጥኖ ደረሰ ማለት ነው። ሰውየዋ ግን በቴሌግራም አትሄድም። አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ጊዜ ለምዝገባ፣ አንድ ጊዜ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ደርሳ ስትመለስ 1350 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ፈተናው ከጠዋቱ በ2፡30 ከሆነ ከዋዜማው ጀምሮ ማደሪያ ያስፈልጋታል፤ አልጋ ብትይዝ ገንዘብ ነው፣ ዘመድ ቤት ብታድር ደግሞ ባዶ እጅዋን አትሄድም። ለመጀመሪያው ጉዞ እናትየዋ ካጠራቀመችው አውጥታ ትሰጣለች። ልጅቱ ማታ ደክማ ስትመለስ፣ «ተቀጠርሽ ማለት ነው?» ትላለች። «የለም እማዬ፤ ተመዘገብኩ ማለት ነው።» በሦስተኛውና በአራተኛው ማስታወቂያ ላይ ልጅቱ ራስዋ፣ «ይህስ ይቅርብኝ» ማለት ትጀምራለች።

በሌላው ዓለም ጥሩ ሠራተኛ ለመሳብ ብዙ ዓይነት ብልሃት ተሞክሯል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው የለንደን ጋዜጣ የመስቀለኛ ቃላት እንቆቅልሹን ከ12 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ለሚፈቱ ሰዎች ውድድር አዘጋጅቶ ነበር፤ ከተወዳዳሪዎቹም አንዳንዶቹ የጠላትን ምስጢራዊ ጽሑፍ ለሚፈታው ክፍል ሥራ ተጠርተዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጉግል በካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና ላይ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳ አቆመ። የድርጅቱ ስም አልተጻፈበትም፤ መልሱን ያገኘ ሰው ግን በኢንተርኔት ወደ ሌላ ጥያቄ፣ ከዚያም ወደ ቅጥር ማመልከቻ ይመራ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ብልሃቶች አመልካቹን የሚያበጥሩት በአእምሮው ነው። የእኛ «በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ» የሚለው ቃልም ያበጥራል፤ የሚያበጥረው ግን በኪስ ነው።

በአገራችን የዚህ ልማድ ሥር የቆየ ነው። በቀድሞው ዘመን ሹመትና እንጀራ የፈለገ ሰው ከጌታው በር ላይ ደጅ ይጠና ነበር፤ ወራትም ዓመታትም ቢፈጅ እስኪታይ ድረስ ይቆማል። በ1961 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ አንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ሲቋቋም፣ ከታሰበው ነገር አንዱ ሰው በችሎታው ተወዳድሮ እንዲቀጠር ነበር። ማስታወቂያና ፈተና በደጅ ጥናት ቦታ ገቡ። ደጁ ራሱ ግን አልተነሣም፤ የቢሮ ቁጥር ተጻፈበት እንጂ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለውም ሥራ ፈላጊ ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራዩ ሰዎች የነበሩት ለምን ይመስላችኋል? ጋዜጣውን ለመግዛት አቅም ያጠረው ወጣት በሳንቲም ተከራይቶ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሥራ ማስታወቂያውን ገልብጦ ይመልሳል። ከከተማው ዳር ለሚኖረው ደግሞ እስከ ሰሌዳዎቹ ድረስ የሚከፍለው የታክሲ ሒሳብ ራሱ ጭንቅ ነው።

ይህን ጭንቅ በቁጥር ለክተው ያሳዩ ተመራማሪዎች አሉ። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያና ኤስቴባን ኦርቲዝ ኦስፒና ያደረጉት ሙከራ በ2021 እ.ኤ.አ. በታወቀው የአሜሪካ የኢኮኖሚ መጽሔት ላይ ታትሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጽሕፈት ሥራ እውነተኛ የቅጥር ማስታወቂያ ወጣ። ፈልገው የደወሉት ሰዎች በዕጣ ተከፋፈሉ፤ ለአንዳንዶቹ የተለመደው ብቻ ተነገራቸው፣ ለአንዳንዶቹ ከፍ ያለ ደመወዝ እንዳለው ተነገራቸው፣ ለሌሎቹ ደግሞ ደመወዙ ሳይጨመር፣ ቀርበው ሲያመለክቱ ጥቂት ገንዘብ እንደሚሰጣቸው ተነገራቸው። ከዚያ የመጡት ሁሉ ተፈተኑ።

የተገኘው ውጤት ብዙ አለቃ ከሚገምተው የተለየ ሆነ። ለማመልከቻ ጥቂት ገንዘብ መስጠት ይበልጥ ችሎታ ያላቸውን ሰዎች አመጣ። ደመወዝ መጨመርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነገር ግን የደመወዝ ጭማሪ በየወሩ የሚከፈል ሲሆን የማመልከቻው ገንዘብ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነው።

ምክንያቱን ሲያስረዱ ያቀረቡት ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ አግኝተነዋል። ችሎታም ገንዘብም ያለው ሰው ብዙ ቦታ ያመለክታልና ቀድሞ ሥራ ይዞ ከወረፋው ይወጣል። በወረፋው ውስጥ የሚቀረው ባለ ችሎታ ማን ነው? ማመልከት የሚከብደው ነው። ስለዚህ ሥራ አጥቶ የቆየው ሁሉ ሰነፍ ነው የሚለው ግምት ስሕተት አለበት፤ ከቆዩት መካከል መሄጃ ያጣ ጎበዝ አለ። ያችን የአረቄ አውጪ ልጅ ያሰብናት በዚህ ምክንያት ነው።

አንዳንድ የቅጥር ኃላፊዎች ይህን ሲሰሙ፣ «ገንዘብ እንሰጣለን ካልን ገንዘቡን ፈልጎ የሚመጣ ብቻ ይሰበሰብብናል» ማለታቸው አይቀርም። ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል። ተመራማሪዎቹ ግን ይህንም አልዘለሉትም፤ በሁለተኛ ሙከራ የአገሩን ቀጣሪዎች ውጤቱን እንዲገምቱ ጠይቀው፣ ግምታቸው ከእውነተኛው ጥቅም በታች ሆኖ ተገኝቷል።

ሌላው ጥናት ከሥራ ፈላጊው ወገን የተነሣ ነው። ከመካከለኛው ከተማ ርቀው ከሚኖሩ የአዲስ አበባ ወጣቶች ለአንዳንዶቹ ወደ ከተማው መሄጃ የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ፤ ለሌሎቹ ማመልከቻ አጻጻፍና ቃለ መጠይቅ የሚሠለጥኑበት ትምህርት ተዘጋጅቶ፣ ችሎታቸው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ውጤት ጠፍቶ ነበር፤ ሥልጠናውንና የምስክር ወረቀቱን ያገኙት ግን ከሌሎቹ የተሻለ ገቢ ነበራቸው። እንግዲህ የአውቶቡስ ሒሳብ ብቻውን መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ዘመድና ትውውቅ የሌለው ወጣት ችሎታውን ለማያውቀው ቀጣሪ የሚያሳይበት ነገርም ያስፈልገዋል።

ሥራው ራሱ ወደ ሰው ሄዶ የፈለገበት ጊዜም አለ፤ ለዚሁም ከስምጥ ሸለቆው መውጣት አያስፈልገንም። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር ለአገዳው ሥራ ከከምባታና ከሐዲያ ብዙ ሰው መጥቷል፤ ለሠራተኛውም መንደር፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተሠርቷል። በቅርቡ ደግሞ ከአርሲ ነገሌ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐዋሳ፣ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ሰው ለመቅጠር አቅዶ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው በሰሌዳ ማስታወቂያ ማግኘት ስለማይቻል ምልመላው እስከ ወረዳና ቀበሌ ወረደ፤ ወጣቶቹ ለስፌት ሥራ የጣታቸው ቅልጥፍና ሳይቀር እየተፈተነ ተመደቡ። ለገጠር ልጅ በርዋ ድረስ የመጣ ሥራ ነበር።

ነገር ግን መሳብ ሌላ፣ ማቆየት ሌላ ነው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ መነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብቻ እንደ ነበረና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ እንደ ነበር ገልጸዋል። ለቤት ኪራይና ለምግብ ከፍላ የሚተርፋት የሌለ ልጅ ብትመለስ ምን ያስፈርዳል? በኋላም በጦርነቱ ምክንያት ትልቁ ባለ ሀብት ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር 2014 ዓ.ም. መውጣቱን አስታወቀ፤ ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ታገደች። ይህን የትኛውም የቅጥር ብልሃት ሊመክተው አይችልም ነበር።

ማስታወቂያ ቢያምርም ባይያምርም «ብዛት አንድ» ያለው ቦታ ሁለት አይሆንም። ስለዚህ እዚህ የተነገረው ለሥራ አጡ ሁሉ ሥራ ይገኝለታል ለማለት አይደለም። ያን አንድ ቦታ ማን ያገኘዋል፣ መሥሪያ ቤቱስ ማንን ያጣል፣ የሚለው ግን በማስታወቂያው ጸሐፊ እጅ ነው፤ ከአንባቢዎቻችን መካከልም እንዲህ ያለውን ወረቀት በየጊዜው የሚጽፉ ጥቂት አይደሉም። ደመወዙን በቁጥር መጻፍ ወጪ የለውም፤ 225 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ለምን ያህል እንደሚጓዝ ማወቅ አለበት። ፈተናውንና ቃለ መጠይቁን በአንድ ቀን ማድረግ አንዱን ጉዞ ያስቀራል። ብዙ ተፈታኝ ሲኖር በሻሸመኔ ወይም በአዳማ አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ለምኖ መፈተን ይቻላል። ዋናው የትምህርት ማስረጃም የሚመረመረው ፈተናውን ላለፈው ሰው ቢሆን ማንም አይጎዳም፤ አለዚያ ግን ለማይቀጠሩት ሁሉ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ብቻ ያተርፋል።

በዚያ ባነሣነው ማስታወቂያ ግርጌ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የስልክ ቁጥር ይጻፋል። ከፊቱ «ለተጨማሪ መረጃ» ይላል። በዚህ ፈንታ «ለምዝገባ» ተብሎ ቢጻፍ ልጅቱ ከነገሌ ሳትነሣ ትመዘገብ ነበር፤ እናትየዋም የመጀመሪያውን የአውቶቡስ ሒሳብ ለፈተናው ቀን ታቆየዋለች።