የእማዬ "ሽንኩርቶች" ተኝተው ነበር

ከድሮው ግቢያችን ለቀን ኮንዶሚኒየም ስንገባ እማዬ ከአትክልቷ ይዛ የመጣችው ግማሽ ማዳበሪያ የማይሞላ ነገር ነው። ጽጌረዳው አጥሩ ሥር ቀረ፣ ጌሾው ቀረ፣ ጤና አዳሙ ለጎረቤት ተሰጠ። ማዳበሪያው ውስጥ ያሉት ደረቅ ገለባ የለበሱ፣ ቡናማ፣ ጠፍጠፍ ያሉ የሽንኩርት ራስ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። እህቴ አንዱን አንስታ ልትልጠው ስትል እማዬ ከሳሎን ጮኸች፦ "ተይ! እሱ የወጥ አይደለም!"

ግላዲዮለስ ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ፣ 23 ነበሩ። ክረምቱ ሲወጣ የቀሩት 5 ብቻ ናቸው። ሌሎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ለክፋት አይደለም። እማዬ ወገቧን ስለሚያማት "እኔ እተክላቸዋለሁ" ብዬ ስልኬን ከፈትኩና ቪዲዮ በቪዲዮ ሆንኩ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ ውርጩ ሲያልፍ ትከሉ፣ ሰመር ላይ ያብባል፣ ብርዱ ሳይመጣ ቆፍራችሁ አውጡ። ምክሩ ውሸት የለበትም። ግን የተነገረው ለሌላ ሰማይ ነው። እነሱ ሰመር የሚሉት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሙቀትና ረጅም ፀሐይ ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ በነዚሁ ወራት ደመና ለብሰን፣ ጃንጥላ ይዘን ነው የምንውለው። እዚያ አበባውን የሚገድለው ውርጭ ነው፤ እዚህ የሚገድለው የታቆረ ውሃ ነው።

እኔ ይሄ የት ገብቶኝ! 18ቱን ቀዳዳ በሌላቸው የቀለም ባልዲዎች ተከልኩ። ዝናቡ አልበቃ ብሎኝ ማለዳ ማለዳ አጠጣቸው ነበር። ሳምንታት አልፈው ምንም ሳይበቅል ሲቀር ቆፍሬ አየሁ። እጄ ላይ የወጣው ለስልሶ የበሰበሰ፣ የሚሸት ነገር ነው። እማዬ በጋለ ሚስማር ቂጡን በበሳችው አሮጌ ጀሪካን ውስጥ የተከልኳቸው 5ቱ ግን በቀሉ። አፈሩ አንድ ነው፣ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ ቀዳዳው ብቻ ነበር።

ስለዚህ በረንዳ ላይ ለመትከል ያሰባችሁ መጀመሪያ ቀዳዳውን አስቡ። ሥር ጠጠር መደርደር ብቻውን አያድንም፤ ውሃው መውጫ ከሌለው ጠጠሩም አብሮ ይዋኛል። እቃው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይኑረው። ጭቃ የሚሆነውን ጥቁር አፈር ብቻችሁን አትሙሉት፤ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት። ራሱን ሹል ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አጥልቁት። በመሃላቸውም ያንኑ ያህል ክፍተት ተዉ። አንዴ አጠጡና ቡቃያው እስኪታይ ታገሱ። ከበቀለ በኋላ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ግንዱ ረዥም ስለሆነ በእንጨት ደግፉት።

ግላዲዮለስ ከተተከለ ከ70 እስከ 100 ቀን ባለው ጊዜ ያብባል። እንደኛ ብርድ ባለበት ከተማ ወደ 100ው የሚጠጋውን ያዙ። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስላችሁ ከፈለጋችሁ ከግንቦት መጨረሻ አትለፉ። ሁሉንም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ልዩነት ብትተክሉ ደግሞ አበባው እስከ መስቀልና ከዚያም በላይ ይቆይላችኋል።

ዳሊያ ያላችሁም ሕጉ ተመሳሳይ ነው። መነሻው የሜክሲኮ ደጋ ስለሆነ የኛን ደጋ አይጠላም። ሥሩ ትንንሽ ስኳር ድንች ይመስላል፤ ግን አንገቱ ላይ ዓይን የሌለው ሥር ብቻውን አይበቅልም። ሰው ሲሰጣችሁ ይሄን አይታችሁ ተቀበሉ። ግላዲዮለስም ቢሆን የፈረንጅ ብቻ አይምሰላችሁ። አብዛኞቹ ዝርያዎቹ አፍሪካዊ ናቸው፣ በኢትዮጵያም በዱር የሚበቅሉ አሉ።

ወደ 5ቱ ልመለስ። መስከረም ላይ አበቡ፤ ቀይ፣ ከታች ወደ ላይ ተራ በተራ የሚፈነዱ። እማዬ ወንበሯን በረንዳ ላይ አወጣች። ከዚያ አበባው ረገፈ። ጥቂት ቆይቶ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ደረቀ። "በቃ፣ እነዚህም ሞቱ" አልኩና ነቅዬ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ከትቼ በር ላይ አስቀመጥኳቸው።

ማታ ስገባ ከረጢቱ ተፈትቷል። እማዬ ጋዜጣ ዘርግታ አፈራቸውን እየጠረገች ነው። ተቆጣችኝ ብል ውሸት ነው። "ተኝተው እኮ ነው" አለች ብቻ።

እውነቷን ነው። አበባው ካለቀ በኋላ ቅጠሉ ሥራ ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመት ስንቅ እያጠራቀመ ነው። ስለዚህ አበባ ስትቆርጡ ቢያንስ 4 ቅጠል ተዉለት፤ ቢጫ እስኪሆንም አትንኩት። ከዚያ አውጡና ነፋስ በሚያገኝ ጥላ አድርቁት። በወረቀት ወይም በካርቶን እንጂ በፌስታል አታስቀምጡ፤ ፌስታል ያልበዋል፣ ይበሰብሳል። እህት ካለቻችሁም ከሽንኩርቱ አርቁት፤ አይበላም።

የእማዬን ራሶች ሳገላብጥ ደግሞ የተከልኩት አሮጌው ራስ ተሸብሽቦ ከሥር ተለጥፎ አገኘሁት። በላዩ አዲስ ራስ ተሠርቷል። ከሁለቱ ላይ እንዲያውም ሁለት ሁለት ወጥቷል፤ 5ቱ 7 ሆኑ ማለት ነው። ዙሪያቸውን አተር የሚያካክሉ ልጆች ነበሯቸው። እነሱ እስኪያብቡ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈልጋሉ።

እማዬ አንድም አልጣለችም። ትንንሾቹን በፖስታ ከታ "ያንተ" ብላ ሰጠችኝ። ዘንድሮ ጀሪካኑን የበሳሁት እኔ ነኝ።