ሕፃኑና መዝገቡ፤ ስለ ልደት ክብደትና ስለ ሰቆጣ ቃል ኪዳን

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር ለማጥፋት ቃል ገባ። ይህም በዋግ ኽምራዋ ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተባለ። ቃል የገባ ሰው ቀኑ ሲደርስ መጠየቁ አይቀርም። ታዲያ መቀንጨሩ ቀረ ወይም አልቀረም ብሎ የሚፈርደው ማነው? መዝገቡ ነው። ስለዚህ ስለ እህሉና ስለ ወተቱ ሌሎች ይጻፉ፤ እኔ ስለ መዝገቡ አያያዝ ጥቂት ልበል።

አንድ ሕፃን ሲወለድ ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር ዝቅተኛ ክብደት ያለው ይባላል። ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ስለሚቀንሱ፣ በሦስተኛው ቀን የተመዘነው የልደት ክብደት አይደለም፤ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ መመዘን አለበት። ነገር ግን በትክክል የተመዘነውም ቢሆን ብቻውን እምብዛም አይናገርም። በ2,300 ግራም የተወለደው ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቁመቱ ስንት ሆነ? መቼ ቆመ? መቼ ተናገረ? ጥናት የሚባለው ይህ ነው፤ እርሱም የሚቻለው የልደቱ ቁጥርና የሁለተኛው ዓመት ቁጥር የአንድ ልጅ መሆናቸው ሲታወቅ ብቻ ነው።

መነሻው ራሱ ቀጭን ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የልደት ክብደታቸው የታወቀው ከ100 ሕፃናት 5ቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 14 ደረሱ። የቀሩት በቤት የተወለዱ ወይም ሳይመዘኑ የቀሩ ናቸው፤ ስለ እነርሱ እናቲቱ «ሲወለድ ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። የተመዘኑትም ቁጥራቸው 2.5 እና 3 ኪሎ ላይ ይከመራል፤ አዋላጇ ሥራ ሲበዛባት የሚዛኑን ቀስት ወደ ቀረበው ድፍን ቁጥር ታስጠጋለችና። ልክ 2,500 የተጻፈለት ሕፃን በሕጉ ዝቅተኛ አይደለም፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች በዚህ ቁጥር ላይ ከተከመሩት ሩቡን ወደ ዝቅተኛው ወገን ያዛውራሉ። ብልሃት ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። የአርት ፋኩልቲ ተማሪ በሚዛን ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ትልቁ ችግር ያለው ከሚዛኑ ይልቅ በስሙ ላይ ነው እለዋለሁ። ሕፃኑ ሲወለድ ገና ስም የለውም፤ የሚመዘገበው በእናቱ ስም ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና ስም ይወጣል፤ መንደሩ ግን የሚጠራው በሌላ ስም ነው። የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ነው፤ እናቱ ደግሞ አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ስለምትኖር የሁለቱ ስም አይገጥምም። የቤተሰብ ስም ላላቸው አገሮች የተሠራ የመረጃ ቋት አባታቸው ታደሰ የተባሉትን ሁሉ ወንድማማች ያደርጋቸዋል! «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አራትም አምስትም ይሆናሉ። በዋግ ላይ ኽምጣኛ የሚናገረው የአገው ሕዝብ ስም በአማርኛ ጸሐፊ ጆሮ አልፎ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ከስም የባሰው ቀን ነው። መቀንጨር የሚለካው ቁመት ከዕድሜ ጋር ተመዛዝኖ ስለሆነ፣ ዕድሜ የተሳሳተ እንደሆነ ፍርዱም ይሳሳታል። በ1998 ዓ.ም. በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ መሠረት፣ 71.5 ሳንቲሜትር የሚረዝም ወንድ ልጅ 12 ወሩ ከሆነ አልቀነጨረም፤ 13 ወሩ ከሆነ ግን ቀንጭሯል። ልጁ ያው ነው፤ የተለወጠው የጸሐፊው አንድ ወር ነው።

እናቶች ቀን አያውቁም የሚለውን ንግግር በበኩሌ አልቀበለውም። የወለደችበትን ዕለት ብትጠየቅ «በሚካኤል ማግስት» ትላለች፤ ይኸውም 13 ነው፣ ከዚህ የበለጠ ጥራት አይገኝም። የሚጠፋው ወሩ ነው፤ እርሱም የሚጠፋው ጠያቂው «በየትኛው ሚካኤል? በኅዳሩ ነው ወይስ በሰኔው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመለወጥ ጣጣ ይመጣል። ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ቀን 2022 ነው። ጸሐፊው ግን ኅዳር ሦስተኛ ወር ነው ብሎ 12/3 ይጽፍና ዓመቱ ላይ ስምንት ይደምራል፤ ማርች 12 ቀን 2023 ሆነ። ልጁ በወረቀት ላይ አራት ወር ገደማ ታናሽ ሆኖ ለዕድሜው ረጅም ይመስላል። የቀነጨረው ልጅ እንዲህ አድርጎ ከቁጥር ይወጣል። ስለዚህ እናቲቱ የተናገረችው ቃል እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የተለወጠው ቀን በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ የመጀመሪያው በፍጹም አይሰረዝ። በክረምት መረጃ ለመሰብሰብ የሚቀጠር ተማሪ በመካከላችን ስላለ ይህን ማወቁ አይከፋም።

በአገራችን ይህ ሥራ ጨርሶ አልተሞከረም ማለት አይደለም። በ1985 ዓ.ም. በጅማና በአካባቢው ስምንት ሺህ ያህል ሕፃናት ከልደታቸው ጀምሮ እስከ አንድ ዓመት እየተመላለሱ ተመዝነዋል። ከ1994 ዓ.ም. በኋላም ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች 3,000 ልጆችን ከሕፃንነትና ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከትሏል። ሁለቱም የቻሉት ለእያንዳንዱ ልጅ የማይለወጥ አንድ ቁጥር ስለሰጡ ነው። ስሙ ቢለወጥ፣ ቤተሰቡ ቢሄድ ቁጥሩ ይከተለዋል። ስምና ቁጥር የተጻፉበት ዝርዝር ግን ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የልጁ ችግር የመንደር ወሬ እንዳይሆን።

የወር ሪፖርት ይህን ሥራ አይተካም። ጤና ጣቢያው «በዚህ ወር የተመዘኑ 40፣ ዝቅተኛ 5» ብሎ ወደ ወረዳ ይልካል፤ ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል። ድምሩ ለበጀት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከድምር ውስጥ ልጅ አይወጣም። እነዚያ አምስቱ በሁለት ዓመታቸው የት እንዳሉ ማወቅ የሚቻለው ወደ መጀመሪያው ደብተር በመመለስ ነው።

ደብተሩ ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ ሲኖር ምን እንደሚደርስበት ዋግ አይቷል። ጦርነቱ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ወደዚያ ሲደርስ ብዙ ሰው ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ መጣ። የሸሸች እናት ልጇን ታዝላለች እንጂ የጤና ኬላውን መዝገብ አትሸከምም። ሰቆጣ ላይ ልጇን የሚመዝነው ሰው አዲስ ካርድ ያወጣለትና የልደት ክብደት የሚለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። በእናቲቱ እጅ የሚቀር፣ ቁጥሩ፣ የልደቱ ቀንና ክብደቱ የተጻፈበት አንዲት ትንሽ ካርድ ብትኖር ኖሮ ግን ያን ባዶ ቦታ መሙላት ይቻል ነበር።