ከእግራችን ስር ያለውን ቱቦ ማን ያውቀዋል?

ጳጉሜ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ብሩኖ በምትባል ከተማ ሰዎች ከሥራ ወደ ቤታቸው እየገቡ ነበር። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ መሬቱ ፈነዳ። አስፋልቱ ላይ 22 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጉድጓድ ተከፈተ። ከ8 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ቱቦ ቁራጭ ከመሬት ተነቅሎ 30 ሜትር ያህል ርቆ ወደቀ። ከዚያ እሳት ሆነ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወዲያው ደረሱ፤ ጣቢያቸው እዚያው ቅርብ ነበር። ችግሩ ግን ከምን ጋር እንደሚታገሉ አለማወቃቸው ነው። የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ጎረቤት ስለሆነ መጀመሪያ አውሮፕላን የወደቀ ነበር የመሰላቸው። በሰፈሩ ስር ትልቅ የጋዝ ማስተላለፊያ ቱቦ እንደሚያልፍ የከተማው እሳት አደጋ መከላከያ አያውቅም ነበር። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል፤ እሳቱን እንዲያጠፉ የሚጠበቁት ሰዎች አያውቁም ነበር።

ጋዙ እስኪዘጋ ስንት ደቂቃ የፈጀ ይመስላችኋል? 95 ደቂቃ! ኩባንያው፣ ፓሲፊክ ጋዝ ኤንድ ኤሌክትሪክ፣ በዚያ መስመር ላይ ከሩቅ በኮምፒውተር ወይም በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አልነበረውም። አንድ ሠራተኛ በመኪና ሄዶ፣ መሣሪያ ይዞ፣ በእጁ ማዞር ነበረበት። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያሉት ደግሞ የተፈነዳው የእነሱ መስመር መሆኑን ለማረጋገጥ ብዙ ደቂቃ ፈጀባቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሳቱ ነዳጅ እየቀረበለት ነበር። 8 ሰዎች ሞቱ፣ 38 ቤቶች ወደሙ፣ ሌሎች 70 ቤቶች ተጎዱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን አንድ ዓመት ያህል መረመረው። ቱቦው የተቀበረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በኩባንያው መዝገብ ላይ "ብየዳ የሌለው አንድ ወጥ ቱቦ" ተብሎ ተጽፏል። መሬት ሲቆፈር የተገኘው ግን አጫጭር ቁርጥራጮች ተበይደው የተቀጣጠሉበት፣ ብየዳውም በትክክል ያልተሠራ ቱቦ ነው። ወረቀቱ ሌላ፣ መሬት ውስጥ ያለው ሌላ።

ታዲያ ተቆጣጣሪው የት ነበር? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያናድደው። አዳዲስ ቱቦዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በውሃ ግፊት እንዲፈተኑ የሚያስገድድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ቀድመው የተቀበሩት ግን ከፈተናው ነፃ ተደረጉ። የበለጠ መፈተሽ የነበረባቸው አሮጌዎቹ፣ አሮጌ በመሆናቸው ታለፉ። መርማሪዎቹም ጥፋቱን በኩባንያው ላይ ብቻ አልተዉትም፤ ሕግ አውጪውንም ተቆጣጣሪውንም ወቀሱ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የካሊፎርኒያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያውን 1.6 ቢሊዮን ዶላር ቀጣው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ6 ወንጀሎች ጥፋተኛ አለው። አደጋው በደረሰ በ12ኛው ዓመት፣ በ2022፣ አዲስ የፌዴራል ደንብ ወጣ። አዲስ በሚዘረጉ ወይም በሚተኩ ትልልቅ ቱቦዎች ላይ ቫልቩ መሰበሩ ከታወቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ መዘጋት አለበት ይላል። ኩባንያው መሰበር ሲጠረጥርም ወዲያውኑ ለ911 መንገር አለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ደግሞም አሮጌዎቹ ቱቦዎች እስኪተኩ ድረስ የቫልቩ ደንብ አይነካቸውም።

"ይሄ የፈረንጅ ጣጣ ነው" የምትሉ ካላችሁ ወደ ጎረቤት ኬንያ እንምጣ። መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ናይሮቢ ውስጥ ሲናይ በሚባል የድሆች መንደር ከነዳጅ ቱቦ ያመለጠ ቤንዚን ወደ ፍሳሽ መውረጃ ገባ። የሰፈሩ ሰው ጄሪካንና ባልዲ ይዞ ሊቀዳ ወጣ። ከዚያ ተቀጣጠለ። ከ100 በላይ ሰው አለቀ። ቤቶቹ የተሠሩት ቱቦው በሚያልፍበት መስመር ጥግ ነበር። ቦቴ ሲገለበጥ ባልዲ ይዞ የሚሮጥ ሰው እኛም አገር አይተናልና ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። የሚሮጠው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ስለተቸገረ ነው፣ ደግሞም የቤንዚን ትነት ከሩቅ እሳት እንደሚጠራ ማንም ስላልነገረው ነው።

እስቲ አሁን ለእያንዳንዳችን የሚጠቅመውን እንያዝ። በትልልቅ ማስተላለፊያ መስመሮች የሚሄድ ጋዝ ሁልጊዜ ሽታ አይኖረውም፤ የምናውቀው ሽታ ለደኅንነት ተብሎ የሚጨመር ነው። ስለዚህ የፉጨት ድምፅ፣ ያለ ነፋስ የሚቦን አቧራ፣ ከኩሬ የሚወጣ አረፋ፣ በለምለም መሃል ብቻውን የደረቀ ሣር ምልክቶች ናቸው። ካያችሁ በእግራችሁ ራቁ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ። መኪና አታስነሱ፣ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ስልክም እዚያው ቆማችሁ አትደውሉ፤ መጀመሪያ ራቁ፣ ከዚያ ደውሉ። ቪዲዮ? ይቅርባችሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንድ ሥራ አለላችሁ። የፌዴራሉ መንግሥት የቱቦዎች ካርታ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በነፃ በየአካባቢያችሁ ማየት ይቻላል። ወደ እያንዳንዱ ቤት የሚገቡትን ትንንሽ መስመሮች ባያሳይም ትልልቆቹን ያሳያል። በመንገድ ዳር የቱቦ ምልክት ስታዩም ላዩ ላይ የተጻፈውን የአደጋ ጊዜ ቁጥር ፎቶ አንሱት። ግቢ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ዳንጎቴ ግሩፕ ጎዴ ላይ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከመንግሥት ጋር ተፈራርሟል። ጋዙ ከካሉብና ከሂላላ በቱቦ እንዲመጣ ነው የታሰበው። ማዳበሪያውን እንፈልገዋለን፤ ማን ይጠላል? ግን ጥያቄ መጠየቂያው ጊዜ ቱቦው ሳይቀበር ነው። በየት በየት ያልፋል? ቢሰበር ማን ይዘጋዋል፣ በስንት ደቂቃ? ኔትወርክ በሌለበት ግመል የሚያግደው እረኛ ምልክት ቢያይ ለማን ይነግራል? የማስጠንቀቂያ ሰሌዳውስ እሱ በሚያነበው በሶማሊኛ ይጻፋል ወይስ በእንግሊዝኛ ብቻ?

የሳን ብሩኖ ሰዎች እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቁት ከቀብር በኋላ ነው። እኛ ገና ጊዜ አለን።