ስለ ለስላሳ መጠጥ ማጣፈጫ፤ ለእንጭኒ ደጋ የሚሻለው ጣፋጩ ቅጠል ነው ወይስ ማሩ?

ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንጭኒ የአዳ በርጋ ወረዳ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር ገብስና ስንዴ፣ ጤፍና ባቄላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ክረምቱ ሲወጣም ሜዳው በአደይና በሜጭ አበባ ቢጫ ለብሶ የሚታይ ደጋ ነው። ንብም ይህን አበባ ቀስማ በየጓሮው ማር ታበጃለች። ዳሩ ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብለት መጠጥ ከሩቅ ፋብሪካ በመጣ ስኳር የጣፈጠ የጠርሙስ ለስላሳ ነው። ማሩ በደጅ ሳለ ስኳሩ ከሩቅ ይገዛል ማለት ነው።

በዓለም ገበያ ደግሞ ስኳርን ይተካል የሚባል ስቴቪያ የተባለ ቅጠል ስሙ እየገነነ ሄዷል። አንድ ሹም ይህን ሰምቶ የወረዳውን ገበሬ «ትከሉ» ብሎ ለማዘዝ ቢነሣ አሳቡ ከበጎ ፈቃድ የመጣ መሆኑ አይጠረጠርም። ነገር ግን ስቴቪያ የተተከለበት መሬት በዚያ ዓመት እህል አያበቅልም። ቅጠሉን የሚገዛ ሰው ቢጠፋ የሚራበው ያዘዘው ሹም ሳይሆን የታዘዘው ገበሬ ነው። ስለዚህ ትእዛዝ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን መርምሮ መረዳት ያስፈልጋል።

ስለ ስኳር

በኢትዮጵያ ስኳር በፋብሪካ መሠራት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በመተሐራ፣ በፊንጫና በሌሎችም ስፍራዎች ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ይህም ሆኖ የአገሩ ምርት ለሕዝቡ ፍላጎት ሳይበቃ ቀርቶ ስኳር በውጭ ምንዛሪ እየተገዛ ሲገባ ኖሯል።

በጤና በኩልም የሚታሰብ ነገር አለ። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር፣ የማርና የፍራፍሬ ጭማቂ ስኳርም ተቆጥሮ፣ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ይህም ለአንድ ዐዋቂ ሰው 50 ግራም ያህል ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ መልካም እንደሆነ ገልጧል። እንግዲህ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን ከዚህ ከታናሹ ልክ ያልፋል። በዓለም ያሉ የመጠጥ ፋብሪካዎች ከእፅዋት የሚገኝ ሌላ ማጣፈጫ ለመፈለግ የተነሡትም ስለዚህ ነው።

ስለ ስቴቪያ

የስቴቪያ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ በፓራጓይና በብራዚል ወሰን ያለው ምድር ነው። የዚያ አገር ተወላጆች የሆኑት ጓራኒዎች ቅጠሉን መራራ መጠጣቸውን ለማጣፈጥ ከጥንት ጀምሮ ሲሠሩበት ኖረዋል። ሞይሴስ ቤርቶኒ የተባለ የእፅዋት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1899 ተክሉን ለሳይንስ ዓለም አስታወቀ። በ1931 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ጣፋጩን ቅመም ከቅጠሉ ለይተው አወጡ። ጃፓኖችም ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በምግብና በመጠጥ ውስጥ አግብተውታል።

ተጣርቶ የወጣው ዱቄት ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል፤ ሰውነትንም በኃይል አያወፍርም፣ የደምንም ስኳር ከፍ አያደርግም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ ሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጣራው ዱቄት ጉዳት እንደሌለበት አጽድቆ፣ በቀን ሊወሰድ የሚገባውን ልክ ወስኗል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2011 ፈቅዷል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ነገር ፈቃዱ የተሰጠው 95 በመቶና ከዚያ በላይ ለተጣራው ዱቄት እንጂ ከእርሻ ላይ ተቀጥፎ ለደረቀው ቅጠል አለመሆኑ ነው።

ስቴቪያ ጉድለትም አለበት። ጣዕሙ ዘግይቶ ይመጣል፣ ዘግይቶም ይሄዳል፤ በመጨረሻም ምላስ ላይ ምሬት ይተዋል። ስኳር ደግሞ መጠጡን ከማጣፈጡ በላይ ወፈር ያደርገዋልና፣ ጨርሶ ቢወጣ መጠጡ ውሃ ውሃ ይላል። ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ስኳሩን በከፊል ቀንሰው በጎደለው ልክ ስቴቪያ መጨመርን መርጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ምክር፣ ስቴቪያ ጭምር ያሉበት እነዚህ የስኳር ምትኮች ክብደትን ለመቀነስ ተብለው እንዳይወሰዱ አሳስቧል፤ ምክሩ ግን አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም።

ስለ አየሩና ስለ መሬቱ

ስቴቪያ ሙቀትና እርጥበት የሚወድ፣ ውርጭን ግን የማይችል ተክል ነው። የእንጭኒ ደጋ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥልበታል። እንግዲህ በከተማይቱ ዙሪያ ባለው ከፍተኛ መሬት ላይ መትከል ድካምን ማባከን ነው። ይልቁንስ የወረዳው ምድር ወደ ሙገር ሸለቆ በሚወርድበት፣ አየሩ በሚሞቅበትና የመስኖ ውሃ በሚገኝበት ስፍራ በትንሽ መደብ ቢሞከር ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር የቀኑ ርዝመት ነው። ይህ ተክል የቀኑ ብርሃን ከ13 ሰዓት ያህል ሲያንስ ያብባል። በእኛ አገር ደግሞ ቀኑ ዓመቱን በሙሉ ከዚያ በታች ነው። ተክሉ ገና ሳያድግ ስለሚያብብ ቅጠሉ ያንሳል። ጣፋጭነቱም የሚበልጠው ከማበቡ በፊት በመሆኑ ቶሎ ቶሎ ማጨድ ግድ ይሆናል። ዘሩም በደንብ አይበቅልምና ብዙውን ጊዜ የሚራባው ከግንዱ በሚቆረጥ ቁራጭ ነው። ይህ ሁሉ ብዙ እጅና የዘወትር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማእከል ይህን ተክል በኢትዮጵያ ምድር ላይ ሲያጠና ቆይቷልና፣ መሞከር የሚፈልግ ሁሉ ችግኝና ምክር ከዚያ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ስለ ገዢው

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን «ማን ይገዛዋል?» የሚለው ነው። ጤፍ ገበያ ቢያጣ ይበላል፤ ገብስ ገበያ ቢያጣ ይጠመቃል፤ የስቴቪያ ቅጠል ግን ገዢ ቢያጣ ከገለባ አይሻልም። ቅጠሉ ዱቄት የሚሆነው በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጣርቶ፣ ከዚያም በአልኮል ነጥሮ ነው። ይህን የሚሠራ ፋብሪካ ብዙ ገንዘብና ብዙ ቅጠል ይፈልጋል። በጎረቤታችን በኬንያ፣ በኬሪቾ አካባቢ ገበሬዎች ስቴቪያ የተከሉት ከውጭ ኩባንያ ጋር ውል ገብተው ነው። ትምህርቱ ግልጥ ነው፤ ውሉ ይቀድማል፣ ተክሉ ይከተላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ያለ ውል የተተከለ ቅጠል ያለ ዋጋ ይቀራል።

ስለ ማር

ከዚህ ሁሉ በፊት በእጅ ያለውን ማየት ተገቢ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ናት። ከምርቱ አብዛኛው ለጠጅ ይውላል። ነገር ግን አባቶቻችን የማያሰክር መጠጥም ከማር ያዘጋጁ ነበር፤ እርሱም ብርዝ ነው። ማር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ተጣርቶ፣ ጌሾ ሳይገባበት ገና ትኩስ ሳለ ይጠጣል። ጠጅ የማይጠጣው እስላሙም ሆነ ልጁ ከማእዱ ሳይለይ አብሮ የሚጠጣው ይህንኑ ነው።

ብርዝ እንደ ጠርሙሱ ኮላ እንዳይከብድ ልኩን ማወቅ ይገባል። ከማር ከመቶው እጅ 80 ያህሉ ስኳር ነውና፣ ማር መድኃኒት ነው ብሎ ያለ ልክ መጠጣት ስሕተት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቢበጠበጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ይኖረዋል፤ ይህም ከአንድ ጠርሙስ ኮላ እኩሌታ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በምዕራብ ሸዋ ደግሞ ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ማዕድን ውሃ አለ። ይህ ውሃ ጋዙን ከምድር ይዞ ይወጣል። ማሩ አስቀድሞ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ከቀዘቀዘ በኋላ በአምቦ ውሃ ላይ ሎሚ ተጨምሮ ቢቀርብ፣ ቡና ቤቱ ከፋብሪካ ሳይበደር የራሱ ለስላሳ ይኖረዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር በምንም መልክ አይሰጥም፤ ብርቱ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላልና።

ችግሩ የማሩ ማነስ ነው። ከቀርከሃና ከጭራሮ ተሠርቶ በእበት የሚለቀለቀው የአባቶች ቀፎ በዓመት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሰጣል። ባለ ፍሬሙ ቀፎ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል፤ ማሩ በመኪና ተጨምቆ ስለሚወጣ ሰፈፉ ሳይፈርስ ለንቧ ይመለስላታልና። ይህንም ሥራ ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የንብ ምርምር ማእከሉ እዚያው በመንገዱ ጫፍ በሆለታ ይገኛል።

ከሹማምንትና ከባለመሬቶች የሚጠበቀው

አንደኛ፤ ስቴቪያ በትእዛዝ አይተከል። ፈቃደኛ የሆነ ገበሬ በቆላማው ወገን፣ ከጓሮው በማይበልጥ መደብ ይሞክረው፤ የሚገዛው ሰው በጽሑፍ ውል ሳይገባ የእህል መሬት አይነካ።

ሁለተኛ፤ በጥቅምትና በኅዳር፣ አበባው ማር በሚሆንበት ወራት፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት በቀን እንዳይረጭ ይደረግ። የሚረጭ ቢኖር ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ በምሽት ይርጭ፤ ጎረቤቱ ቀፎውን እንዲከድንም አስቀድሞ ያስታውቅ። አንድ ባለመሬት አረሙን ሲያጠፋ የአሥር ድሆችን ቀፎ ባዶ ሊያደርግ ይችላልና።

ሦስተኛ፤ በገበያ ላይ ማር ከስኳር ጋር ቀላቅሎ የሚሸጥ ሰው ይከልከል። ይህ የገዢውን ገንዘብ መስረቅ ብቻ ሳይሆን የእውነተኛውን ንብ አርቢ ስም ማጥፋት ነው።

አራተኛ፤ በየስብሰባውና በየግብዣው ከጠርሙሱ ለስላሳ ጎን ብርዝ ይቅረብ። ሹም ያከበረውን መጠጥ ሕዝቡም ያከብረዋል፤ ቡና ቤቱም ይከተላል። እንግዲህ ማር ገዢ ሲያገኝ ቀፎ ይበዛል፤ ቀፎ ሲበዛም ንብ የባቄላውንና የኑጉን አበባ ስለምታዳብር የእህሉ ፍሬ ይጨምራል።

ስቴቪያ አንድ ቀን በሙገር ሸለቆ ይጠቅም ይሆናል፤ እስኪፈተን ድረስ ግን እንግዳ ነው፤ እንግዳም ቢሆን በጓሮ ይስተናገዳል እንጂ የቤቱን እህል አያስለቅቅም። ማር ግን የቤት ልጅ ነው። የወረዳው ሹም አስቀድሞ የቤቱን ልጅ ቢያሳድግ፣ ገበሬው መሬቱን ሳያጣ፣ አገሩም ምንዛሪ ሳያወጣ ጣፋጭ መጠጥ ያገኛል።