ሳይማሩ የሚያስተምሩ ወላጆች

«ሳይማር ያስተማረን ሕዝብ» የሚለውን አባባል በየምረቃው በዓል እንሰማዋለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ገንዘብን በማሰብ ነው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬና አርብቶ አደር ከጎረሰው ቀንሶ፣ ግብር ከፍሎ የሰው ልጅ አስተማረ ለማለት ነው። እኛ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ አባባሉን እንደ ቃሉ ልንወስደው ፈለግን። ፊደል ያልቆጠረች እናት በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እጇ ልጇን በእርግጥ ታስተምራለች ወይ? የምታስተምረውስ ምኑን ነው? እኛ መምህራንና እጩ መምህራንስ ትምህርቷን እናውቅላታለን ወይ?

ጥያቄው እንዲያው ለወሬ ማሟያ የተነሣ አይደለም። መስከረም ሲጠባ አንደኛ ክፍል ከሚገቡት የገጠር ልጆች ብዙዎቹ የመዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። እርሳሱን በጡጫው የሚጨብጥ፣ ስሙ ሲጠራ አቀርቅሮ ዝም የሚል ልጅ ሲያጋጥም «ይኼ ልጅ እኮ ምንም አያውቅም!» የሚል ፍርድ ቶሎ ይሰጣል። ፍርዱ ወላጅ ጆሮ ይደርሳል። ወላጅም «እኛስ ምን እናውቅና!» ብሎ ያፍራል። ልጁም ትምህርት ቤት የሚያፍሩበት ቦታ መስሎት ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ ፍየሎቹ ይመለሳል። እንግዲህ የምንነጋገረው ስለ አንድ ልጅ ዕድል ነው።

በቤት ውስጥ ስለሚሰጥ ትምህርት የተነገረው አዲስ ነገር አይደለም። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው የሞራቪያ ተወላጅ ኮሜንየስ የልጅን የመጀመሪያ ስድስት ዓመታት «የእናት ጉያ ትምህርት ቤት» ብሎ ነበር። እንደሱ አስተሳሰብ ይህ ትምህርት ቤት በያንዳንዱ ቤት ውስጥ አለ። ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ደግሞ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ በድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤት ስትከፍት ውሃ መቅዳትን፣ መጥረግን፣ ቁልፍ መቆለፍን የትምህርቱ ክፍል አደረገቻቸው። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያወጡት የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከያዛቸው አራት ምሰሶዎች አንዱ የወላጆች ትምህርት ነው። ይህም ማለት ትምህርት ከክፍል በር በፊት ከቤት በር እንደሚጀምር በወረቀትም የታመነበት ጉዳይ ነው።

ታዲያ በወረቀት ያለው በኑሮ ውስጥ ምን ይመስላል? ለምሳሌ ያህል ባቢሌን እንውሰድ። ባቢሌ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ስሟ በለውዟና በማዕድን ውሃዋ ይታወቃል። ዝሆኖች የሚጠበቁበት ሰፊ መጠለያም በስሟ ይጠራል። ኦሮሞውና ሶማሌው ጎን ለጎን ይኖሩበታል፣ በገበያዋም አማርኛ ይሰማል። በእንዲህ ያለ አገር የሚያድግ ሕፃን የማስተማሪያ መሣሪያ አጣ ማለት አይቻልም። መሣሪያው ከሥራው ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ግን እንደ ትምህርት አይቆጠርለትም። አንዳንዶቹን ዘርዘር አድርገን እንያቸው።

ሀ. ለውዝ ሲፈለፈል

እናት ለውዝ ለመፈልፈል ስትቀመጥ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ይላል። አንዱ ቅርፊት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፍሬ ይይዛል፤ አንድ ወይም ሦስት የያዘም አይጠፋም። እናት «እዚህ ውስጥ ስንት ያለ ይመስልሃል?» ብላ ትጠይቅ። «ሁለት!» ይላል። «እስቲ ክፈተው።» «እንዴ! ሦስት ነው!» በዚች አጭር ጨዋታ ልጁ ገምቷል፣ አረጋግጧል፣ ቆጥሯል። አምስት ቅርፊት ስንት ፍሬ ይወጣዋል ብሎ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ ማባዛትን ስሙን ሳያውቀው ጀምሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ መለየት ይመጣል። ለዘር የሚሆነው ደንዳናው ወዲህ፣ የጨበጨበው ወዲያ፣ የሻገተው ለብቻ። በመልክ፣ በመጠን፣ በጥራት መለየት የሳይንስ መጀመሪያ ነው። በዚህ ላይ ለጤና ይጠቅማል፤ በሻገተ ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ስለሚችል ለሰውም ለከብትም አይሰጥም። ቅርፊቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዞ መስበርም እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያጠነክራል። ልጁ ጥያቄ ከወደደ «ለውዝ የሚያብበው የት ነው? የሚያፈራውስ?» ይባል። አበባው ከመሬት በላይ ይታያል። አበባው ካለፈ በኋላ ግን ዘንጉ ወደ ታች ረዝሞ አፈር ውስጥ ይገባና ፍሬው እዚያ ይበስላል። ይህን ነቅሎ ማየት ከመጽሐፍ ሥዕል ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያልተፈጨ ለውዝ አይሰጥም፤ ትንታ ሊሆንበትና ትንፋሽ ሊዘጋበት ይችላል። ትንንሾቹ ቅርፊቱን ይልቀሙ እንጂ ፍሬውን በአፋቸው አያስገቡ፣ ትልቅ ሰውም ዓይኑን አይንቀል።

ለ. ውሃ ሲቀዳ

ውሃ በብዙ ድካም በሚገኝበት አገር ጀሪካን የማያውቅ ልጅ የለም። ትልቁ ጀሪካን 20 ሊትር፣ ትንሹ 5 ሊትር ይይዛል። «ትንሹን ስንት ጊዜ ብንገለብጠው ትልቁ ይሞላል?» ብሎ መጠየቅ የልኬት ትምህርት ነው፤ መልሱም አራት ሆኖ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። እንደዚሁም አንድ ጣሳ ውሃ በጠባብ ጠርሙስ ሲገለበጥ ከፍ ብሎ ይታያል። «አሁን ውሃው በዛ ወይስ ያው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የአምስት ዓመት ልጅ «በዛ!» ማለቱ አይቀርም። የስዊሱ ሊቅ ዣን ፒያዤ ይህንኑ ዓይነት ሙከራ ከሕፃናት ጋር አድርጎ ከሰባት ዓመት ግድም በፊት ብዙ ልጆች እንዲህ እንደሚያስቡ አሳይቷል። ስለዚህ ልጁ ሲሳሳት ቁጣ አያስፈልግም። መልሶ መላልሶ ሲገለብጥ ራሱ ይደርስበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

ሐ. ገበያ ሲወጣ

ገበያ ሰፊ የሒሳብ ክፍል ነው። አንድ ጣሳ ለውዝ ይህን ያህል ብር ከሆነ ሦስት ጣሳ ስንት ነው? መቶ ብር ሰጥተን ስንት ይመለስልናል? በዚህ ረገድ በብራዚል፣ በሬሲፌ ከተማ የተደረገ ጥናት ይጠቀሳል። በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ጥናት በገበያና በመንገድ ዳር የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሏል። ልጆቹ እየሸጡ ሲጠየቁ ከ100 ጥያቄ 98ቱን ያህል በትክክል መለሱ። ያው ስሌት በወረቀት ላይ በባዶ ቁጥር ሲቀርብላቸው ግን ያገኙት ከ100 37 ያህሉን ብቻ ነው። ነገሩ ልጆቹ ሒሳብ አለማወቃቸው አይደለም። በገበያው ሒሳብና በወረቀቱ ሒሳብ መካከል ድልድይ የሠራላቸው አልነበረም። ድልድዩን መሥራት የማን ሥራ ነው? የኛው ነው!

በባቢሌ ገበያ ሌላም የሚገርም ነገር አለ። የኦሮሞ ልጅ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» ብሎ ይቆጥራል። የሶማሌ ልጅ «ኮው፣ ላባ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን» ይላል። ለማና ላባ፣ አፉርና አፈር፣ ሸንና ሸን! ሁለቱም ቋንቋዎች የኩሽ ቤተሰብ ስለሆኑ ቁጥሮቻቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱን እየሰማ የሚያድግ ልጅ ቁጥር ማለት ድምፁ ሳይሆን ብዛቱ መሆኑን ቀድሞ ይረዳል። ይህ ሀብት እንጂ ችግር አይደለም።

መ. በጨዋታ ሰዓትና ሲመሽ

ሴቶች ልጆች መሬት ጭረው በአንድ እግር ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ የሳምንቱን ቀናት በቅደም ተከተል ያጠናሉ። ቅልብልቦሽ ዓይንንና እጅን ያቀናጃል። ገበጣ ደግሞ በየጉድጓዱ ጠጠር እያከፋፈሉ ወደፊት ማሰብን ያስተምራል። ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ በዳካታ ሸለቆ አንዱ ባንዱ ላይ የቆሙትን ድንጋዮች ያየ ልጅ «ለምን አይወድቁም?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝም በል» ከማለት ይልቅ «እስቲ አንተ ጠጠር ደርድርና ሞክረው» ማለት ይበልጣል።

ሲመሽ ተረቱ አለ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይመለሳል። በሶማሊኛም «ሼኮ ሼኮ» ሲባል «ሼኮ ሐሪር» ይባላል። ኦሮሞው ሂቦ፣ አማራው እንቆቅልሽ ይጠያየቃል። ተረት የሚሰማ ልጅ አዲስ ቃል ይሰበስባል፣ የቀደመውንና የተከተለውን ይለያል፣ «ከዚያስ?» እያለ ቀጣዩን ይገምታል። አንብቦ መረዳት ይሉት ችሎታ ሥሩ እዚህ ነው። ወደ ቁርኣን ቤት ሉህ ይዞ የሚሄደው፣ ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ሀሁ የሚለውም ልጅ ማዳመጥንና በቃል መያዝን ይዞ ነው ወደኛ የሚመጣው።

ቋንቋን በተመለከተ አንድ ነገር ማለት ይገባናል። አንዳንድ ወላጅ ልጁ እንዲሰለጥንለት ብሎ ራሱ በደንብ በማይችለው ቋንቋ ያዋራዋል። ይህ ለልጁ አይበጅም። ወላጅ የሚቀልደው፣ የሚያብራራው፣ «ለምን» ሲባል የሚመልሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዱ ቋንቋ የተገነባ አሳብ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ያልተገነባ አሳብ ግን የሚሻገርበት የለውም።

ልኩ የት ላይ ነው?

እዚህ ላይ «እንግዲያው ልጆቹ እቤት ይሥሩ፣ ትምህርት ቤት ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል ቢኖር በፍጹም አልተግባባንም። የቤት ትምህርት ትምህርት ቤትን አይተካም። ማንበብ፣ መጻፍ፣ የወረቀት ሒሳብ ራሱን የቻለ መምህር ይፈልጋል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች እቤት ዋሉ። ከዚያ በፊትም በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እጅ ላይ የሚቀረው የቤት ትምህርት ነው። ወላጅ ማስተማር እንደሚችል አስቀድሞ ካልተነገረው ግን በዚያን ሰዓት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ሌላው ልክ የሥራና የትምህርት ድንበር ነው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ እናቷን ተከትላ በትንሽ ጀሪካን ውሃ ብትቀዳና መንገዱን ሙሉ ብትጨዋወት ትማራለች። ያችው ልጅ ትልቁን ጀሪካን አዝላ ትምህርት ሰዓቷ ካለፈባት ግን ያ ጉልበት ብዝበዛ ነው እንጂ ትምህርት አይደለም። ድንበሩን ለማወቅ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ሥራው ከአቅሟ ጋር ይመጣጠናል? እየሠራች ትጠይቃለች፣ ይመለስላታልስ? ከትምህርት ቤት፣ ከጨዋታና ከእንቅልፍ ሰዓቷ አይሻማም? ለአንዱ እንኳ መልሱ አሉታ ከሆነ ሥራው ለሕፃን አይገባም። በተለይ የሴቶች ልጆች ጉዳይ እዚህ ላይ ሊጤን ይገባል፤ «እቤት ትማራለች» በሚል ሽፋን እቤት ቀርታ የምትባክን ልጅ ልትኖር አይገባም።

መምህሩስ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ፣ አዲስ ልጅ ሲመጣ «ምን አያውቅም?» ከማለት ይልቅ ወላጁን «እቤት ምን ይሠራል? በምን ይጫወታል?» ብሎ ይጠይቅ። ሃያ ፍየል ቆጥሮ የሚያስገባ፣ የጎደለችውን በመልኳ የሚለይ ልጅ ቁጥር አያውቅም ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፣ የቤቱን ዕቃ ወደ ክፍል ያምጣ። ጠጠር፣ የለውዝ ቅርፊት፣ ጣሳና ጠርሙስ ገንዘብ አይጠይቁም። በመጀመሪያው ሳምንት በጠጠር የደመረ ልጅ በሁለተኛው ወር የመደመር ምልክት ሲያይ አይደነግጥም።

ሦስተኛ፣ የወላጆች ስብሰባ ስለ መዋጮና ስለ ቀሪ ብቻ የሚወራበት አይሁን። ለወላጅ ሦስት ጥያቄ ይሰጠውና ይሂድ፦ «ስንት ይመስልሃል? ለምን ይመስልሃል? ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እነዚህን ለመጠየቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ በኦሮምኛም በሶማሊኛም በአማርኛም ይጠየቃሉ። ለውዝ ሲፈለፈልም፣ ግመል ሲታለብም፣ ውሃ ሲቀዳም ያገለግላሉ።

ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ተማሪንም ሲቀበሉ ከነቤቱ፣ ከነቋንቋው፣ ከነጠጠሩ መሆን አለበት። እንግዲህ በያዝነው ዓመት ለተግባር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ የትምህርት ዕቅዳችንን ከመንደፋችን በፊት የአንድ ተማሪ ቤት ሄደን እናቱ ምን እንደምታስተምረው ጠይቀን እንመለስ። ዕቅዱ ከዚያ ይጀምር።